ለቤት ነው ለሥራ?

«እሱ በግራ ይዙር ብሏል፤ አንተ ግን በቀኝ አዙረው። እኛ እሺ ብለነዋል፣ አለቀ!»

ይህን ለታላቅ ወንድማቸው የሚለው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከኩሽናው መስኮት ውጭ ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ ሌላኛውን ጫማ በዓይኑ ይፈልጋል። ሁሉን ነገር እየሮጠ ስለሚያደርግ ቤተሰቡ «ቶሎቶሎ» ይለዋል፤ ሲናገር እንኳን ቃላቱ በር ላይ እንደተጨናነቀ ሰው እየተገፋፉ ነው የሚወጡት። እሷ በውስጥ በኩል የአባቷን ሻይ እያማሰለች ነበር። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማንኪያዋ ግን መዞሯን አልተወችም። «እሱ» የተባለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልጋትም። ትናንት አመሻሽ ላይ ሁለቱ ወንድሞቿ እንደ ልማዳቸው አባታቸው አልጋ አጠገብ ቆመው፣ የሚሠሩት ቤት ደረጃ ወዴት ይዙር ብለው ጠይቀውት ነበር። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ቦታውን በሐሳቡ ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ «በግራ» አላቸው። ታላቁ «እሺ አባባ» አለ። ታናሹም «እሺ አባባ» አለ። ከዚያ በኋላ አባቷ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ እንደዋለ ሰው ደከመውና ደስ ብሎት እንቅልፍ ወሰደው። እሺታቸው ለካስ ከበሩ ወዲያ አይሻገርም ኖሯል።

አባቷ ፎርማን ነው። ግንበኞቹ «ጋሽ ውሃልክ» ይሉታል፤ መሣሪያውን ሳያስጠጋ፣ ገና ከመንገድ ማዶ ቆሞ «ያ ግድግዳ አንድ ጣት አዘንብሏል» ይላል፣ ሲለካም አንድ ጣት ነው። ከአራት ወር በፊት ይኸው ሰው ከመወጣጫው እንጨት ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ይነሳል ብሏል፤ መቼ ሲባል ግን ነገሩን ወደ ሌላ ያዞረዋል። እስከዚያው ከአንገቱ እስከ ወገቡ በጠንካራ ቀበቶ ታስሮ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው ውሎውም አዳሩም። ራሱን ወደ ጎን ማዞር ስለማይችል ቴሌቪዥኑን አያይም፣ መስኮቱንም አያይም። ያለው ኮርኒሱ ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ለጥ ያለ፣ ምንም የሌለበት። ወንድሞቿ ሥራውን ተረከቡና ቤቱን በራሳቸው የማይወጡት ሲሆንባቸው ሌላ ፎርማን ቀጠሩ። ይህን አባቷ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው በየምሽቱ እየተጠየቀ፣ በየምሽቱ እየመለሰ፣ ቤቱን ተኝቶ እየሠራ መሆኑን ነው።

እሷ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ሌንስ ትሞርዳለች፣ ክፈፍ ታስገባለች። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ማየትን የሚመለከት ነገር ሁሉ እሷ ላይ ይጣላል። «ጋሽዬ» የምትለው ታላቅ ወንድሟ ትናንት ገንዘብ በእጇ አስይዞ «ፕሮጀክተር ግዢለት፤ ኮርኒሱ ላይ ፊልም እያየ ይዋል፣ ያን ሁሉ ሐሳብ ይተዋል» ያላትም ለዚህ ነው። ሐሳቡ ደግ መስሏት ተቀብላው ነበር። አሁን ሻዩን ይዛ ወደ አባቷ ክፍል ስትገባ «ያን ሁሉ ሐሳብ ይተዋል» የሚለው ነገር ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

ሻዩን በቀጭን ቱቦ እየመጠጠ ዓይኑን ወደ እሷ ሊያዞር ሞከረ።

«ዛሬ ነው አይደል የምትገዢው?»

«ዛሬ ነው አባባ። ምን ማየት ትፈልጋለህ? የድሮ ፊልም ልፈልግልህ?»

«ደረጃውን።»

«ጋሽዬ እኮ ለፊልም ነው ያለኝ።»

«ፊልሙ የትም አይሄድ። መጀመሪያ ደረጃውን ልየው። ወንድሞችሽ በስልካቸው ያሳዩኛል፣ ግን ምን ይታያል? ዝንብ የምታህል ነገር! ተንጋልዬ መነጽሩ አይቆምልኝ፤ ዓይኔን ገና ሳስተካክል ‹አየህ አይደል አባባ› ይሉና ኪሳቸው ይከቱታል።» ትንሽ አረፈና ሳቅ አለ። «አንድ ጊዜ ባየው፣ ምን አለፋሽ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ነው የማድረው።»

ብርጭቆውን ተቀበለችው። ትራሱን አስተካከለች፤ ትራሱ ግን ድሮም ትክክል ነበር። ከመውጣቷ በፊት የገዛ ሜትሩን ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥታ፣ ከአልጋው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ እስከ ኮርኒሱ ያለውን ርቀት ለካች። ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም። አባቷ የሜትሩን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደስ የሚል ዘፈን እንደሰማ ሰው።

የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ነበርና ከቀኑ አምስት ሰዓት ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የተደረደሩበት መንገድ ደረሰች። እስክትደርስ ድረስ ሁለት ሐሳብ በሁለት እጇ ይጎትታት ነበር። ዝም ብትል ቤቱ ሰላም ነው። አባቷ የሠራ ይመስለዋል፣ ወንድሞቿ በእርግጥ ይሠራሉ፣ የማንም ቅስም አይሰበርም። ወንድሞቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ታላቁ አባቱን አዝሎ ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲንከራተት የነበረ ልጅ ነው። ግን ደግሞ ከሩቅ የሚለካው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚተማመንበት ዓይን፣ አሁን የገዛ ልጆቹ እንደ ሕፃን እያባበሉ የሚያስተኙት መሆኑ አንጀቷን በላት። ብትናገር ደግሞ ምን ልትለው ነው? «አባባ፣ የምትሠራው ቤት የለም» ልትለው?

የገባችበት ሱቅ ጠባብ ነው። ከፊት ለፊት መደርደሪያ፣ ከጀርባ ደግሞ ዕቃው የሚሞከርበት ጥቁር መጋረጃ የተጋረደ ጓዳ አለው። ሻጩ የመነጽሩን አንድ ጆሮ በፕላስተር የጠገነ፣ በተናገረ ቁጥር መነጽሩን በጣቱ የሚገፋ ወጣት ነው።

«ለቤት ነው፣ ለሥራ ነው፣ ወይስ ይዘሽው የምትዞሪበት?» አላት፤ ቀኑን ሙሉ ሲለው የሚውለው ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

«ለኮርኒስ ነው።»

መነጽሩን ገፋ። «ለምን?»

«ለኮርኒስ። ሰውየው ተንጋሎ ነው የሚያየው። አባቴ ነው።»

«እግዜር ይማርልሽ። እንግዲህ ለቤት ነዋ በይኝ!»

አዎ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እምቢ አለ። ሻጩ ዝምታዋን እንደ አዎንታ ወስዶ ከመደርደሪያው ነጭ፣ ክብ፣ ሲያዩት እንደ ድመት ደባብሱኝ የሚል ዕቃ አወረደ። ጓዳው ውስጥ ገብተው መጋረጃው ሲዘጋ ግድግዳው ላይ ባሕር ተዘረጋ፤ ዓሣዎቹ ወርቅና ሰማያዊ፣ ድምፁም ከዕቃው ሆድ ውስጥ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ለአፍታ የመጣችበትን ረሳች። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ ለዚያች አፍታ ነው ባሕሩን የሚያሳየው።

«ሃያ ሺህ ሉመን ነው» አላት በኩራት፤ የብርሃኑን ጉልበት መናገሩ ነው።

«ሃያ ሺህ ከሆነ ፀሐይን ምን ልንፈልጋት ነው?»

ሳቀ። «እህቴ፣ እኔ ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የማነበው። ቆጥሬው አላውቅም።»

«መጋረጃውን ክፈተው እስቲ።»

«ሲከፈትማ አያምርም!»

«እኮ፣ እሱን ልይ። ጨለማ ውስጥማ ሁሉም ያምራል።»

«እውነትሽን ነው፣ እጮኛዬም የተዋወቀችኝ መብራት የጠፋ ቀን ነው» አለና ከፈተው። ባሕሩ ወዲያው ዕቃ የታጠበበት ውሃ መሰለ። የአባቷ ክፍል ሰፊ መስኮት አለው፤ ወንድሞቿ የሚመጡት ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ስልኳን አውጥታ መነጽር ቤቱ ውስጥ ሰው ዓይኑን የሚመረመርበትን የፊደል ሰሌዳ ፎቶ ሰጠችውና በዓሣዎቹ ምትክ እሱን አደረገላት። ትልልቆቹ ፊደሎች ተነበቡ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ፊደሎቹ ተቃቀፉ። ዳር ዳሩ ላይ ያሉትማ ከነጭራሹ ቀልጠዋል።

ሁለተኛው ጣሳ የሚያህል፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነበር። አንገቱን ወደ ላይ ሲያደርጉት እሺ ይላል፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ብርሃኑ ግን እንደ ሻማ ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። ሦስተኛው ብሩህ ነው፤ ግን አየር የሚስበው በኋላው በኩል ስለሆነ ሽቅብ ለማየት ቂጡ ላይ ቢያስቀምጡት ታፍኖ ይቃጠላል። አራተኛው አየሩን በጎን ይስባል፣ ነገር ግን ወፍጮ ቤት የገቡ ይመስል ይጮኻል። ዓይን አዋጅ ሆነባት። ሻጩም እያላበው፣ መነጽሩን እየገፋ እየገፋ፣ በመጨረሻ መነጽሩ ከነፕላስተሩ መሬት ወደቀ።

«ስጠኝ» አለችው። ከቦርሳዋ የመርፌ ያህል ቀጭን መፍቻና አንዲት ትንሽ ብሎን አወጣች፤ ፕላስተሩን ላጠችና መነጽሩን እዚያው ቆማ ጠገነችው። ጆሮዎቹን ለካ፣ አፍንጫው ላይ አስተካክላ ሰጠችው። ሻጩ ራሱን ወደ ግራ ነቀነቀ፣ ወደ ቀኝ ነቀነቀ፣ መነጽሩ አልተንቀሳቀሰም።

«አንቺ ልጅ መነጽር ሠሪ መሆንሽን ቅድም ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!» አለ። «ቆይ።» መሰላል ላይ ወጣና ከጥግ አቧራ የጠጣ፣ ግራጫ፣ ጡብ የመሰለ ነገር አወረደ። «ይሄን ለሰው አላወጣውም፤ ስለማያምር ማንም አይጠይቀኝም። የንድፍ ቢሮዎች ናቸው የሚወስዱት። በጎኑ ይተነፍሳል፣ ሽቅብ ቢያይም አይታፈንም። ከሁለት ሜትር ላይ ኮርኒስሽን ይሞላልሻል። ግን ልንገርሽ፣ ለፊልም አይሆንም። ቀለሙ ደረቅ ነው፣ ድምፁ ደግሞ የታነቀ ዶሮ ነው።»

መጋረጃው እንደተከፈተ አበራው። የፊደል ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ቁልጭ አለ። አንደኛው ረድፍ፣ አራተኛው፣ ሰባተኛው፤ በመነጽር ቤቱ «ይህን ካነበቡ መነጽር አያስፈልግዎትም» የምትልበት ረድፍ። ዳሩም እንደ መሃሉ ነው። ባሕርም ዓሣም የለውም፤ ያለው ያለውን ብቻ ያሳያል። ዋጋውን ሲነግራት ደግሞ ወንድሟ ከሰጣት እጥፍ ሆነ።

በዚያው ቅጽበት ታላቅ ወንድሟ ደወለ። «ገዛሽ? ቀለል ያለውን ያዢ፤ ለቤት የሚሆነውን። ደብዘዝ ቢልም ግድ የለም፣ ለአባባ እኮ ነው።»

ክፋት አልነበረበትም። ድምፁ ውስጥ ያለው ድካምና ፍቅር ነው። ግን «ደብዘዝ ቢልም ግድ የለም» የሚለው ነገር ከጠዋቱ የስልክ ወሬ ይልቅ ከነከናት። ሰው ያላየውን አይጠይቅም፤ ነገሩ በደበዘዘ ቁጥር «እሺ አባባ» ማለት ይቀላል። ስልኩን ዘጋችና ሻጩን ዞር ብላ አየችው።

«ለሥራ ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ቅድም የጠየቅከኝ። ለሥራ ነው። ይሄን ጠቅልልልኝ።» ጎዶሎውን ለራሷ ብላ ካስቀመጠችው ሞላች። ሻጩ ደግሞ የምስል ማስተላለፊያውን ገመድ በነፃ ጨመረላትና እስከ በሩ ሸኛት፤ መነጽሩን ሊገፋ ጣቱን አነሳ፣ መገፋት እንደማያስፈልገው ሲያስታውስ ጣቱን ይዞ ቀረ።

ወደ ቤት አልሄደችም። ግራጫውን ጡብ በክንዷ ታቅፋ ወንድሞቿ ወደሚሠሩበት ቤት አቀናች፤ ሥዕል የሌለው ፕሮጀክተር ምን ያደርጋል? ወንድሞቿ ሲሚንቶ ሊያስጭኑ ሄደዋል። ያገኘችው አዲሱን ፎርማን ብቻ ነው፤ አጭር፣ ቦት ጫማው ከእግሩ የሰፋ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይለይ ሰው። ማን እንደሆነች ስትነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

«የጋሽ ውሃልክ ልጅ! እንዴት ናቸው? መናገር ጀመሩ?»

«ምን?»

«አይ፣ አይናገሩም ብለውኝ ነው። ወንድሞችሽ ‹ሰው አያውቁም፣ አይናገሩም› አሉኝ። ሄጄ ልጠይቃቸው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው!»

አጠገቧ የነበረው የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠች። ሰውየው የደከማት መስሎት ውሃ ሊያመጣላት ዞር ሲል በእጇ ከለከለችው። እሷ አንድ ውሸት ነው ብላ የመጣችው፤ ለካስ ሁለት ኖሯል። አባቷ ሌላ ፎርማን እንዳለ አያውቅም፤ ፎርማኑ ደግሞ አባቷ አፍ እንዳለው አያውቅም።

«ምን ልትጠይቀው ነበር?» አለችው።

ሰውየው በጣቱ ወደ ጣሪያው ጠቆመ። ከኋለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች አናት ላይ አንዳንድ ሜትር የሚሆኑ ብረቶች ወደ ሰማይ ቀርተዋል። «እነዚያን ነው። ቤቱ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሌላ ፎቅ የለውም። ፕላኑም ላይ የሉም። ረስቷቸው ነው ይላሉ ወንድሞችሽ፤ ነገ ጠዋት ይቆረጡ ተብሏል። እኔ ግን ይኸው ሦስት ወር የሳቸውን ሥራ ሳይ ከረምኩ፤ አንድ ሚስማር በከንቱ የመቱበት ቦታ አላገኘሁም። አራት አራት ብረት ረስቶ የሚሄድ ሰው አይደሉም። ግን ማንን ልጠይቅ?»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ደረጃውን አነሳች፣ በቀኝ በኩል ለአርማታ የተዘጋጀውን የጣውላ ቅርፅ፤ በግራ በኩል የቆመውን የጎረቤት ግንብ፤ ጣሪያውን፣ ብረቶቹን፣ ወለሉን። የሰውየውን ስልክ ቁጥር ያዘችና «ምሽት ላይ ብደውልልህ ታነሳለህ?» አለችው። «ስልኬን አንገቴ ላይ አስረዋለሁ» አላት።

ቤት ስትደርስ አባቷ ነቅቶ ይጠብቃት ነበር። ፕሮጀክተሩን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ወደ ኮርኒሱ አዞረችው፤ ግን ፎቶዎቹን አላሳየችውም። ወንድሞቿ በሌሉበት ማሳየቱ ሌላ ሽወዳ መሰላት። «ልጆቹ ይምጡ» አለችው። አባቷ አልተከራከረም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፤ ቶሎቶሎ እንደ ሁልጊዜው ቀድሞ ገባ፣ ታላቁም ሲሚንቶ የነካው ሱሪውን እያራገፈ ተከተለው። የመስኮቱ ብርሃን ገና ክፍሉን ሞልቶታል።

«ምን ዓይነት ፉንጋ ነው ያመጣሽው እትዬ?» አለ ቶሎቶሎ።

ታላቁ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄ የቢሮ አይደለም እንዴ? ፊልም ያሳያል?»

«የዛሬውን ሥራ ያሳያል» አለችና አበራችው።

ኮርኒሱ ተከፈተ። በቃ፣ የቤቱ ጣሪያ ተነስቶ ሌላ ቤት የተተካበት ይመስል ነበር። ደረጃው፣ ጣውላው፣ ወለሉ ላይ የተደረደረው የሲሚንቶ ከረጢት፣ የአንዱ ግንበኛ የተረሳ ጓንቲ ሳይቀር ከአባቷ ፊት በላይ ተንሳፈፈ። የማሽኑ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። የአባቷ ዓይኖች ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ ደረጃውን ሲወጡ ታያለች። መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«በቀኝ ነው የዞረው» አለ።

ታላቅ ወንድሟ ወዲያው «አይ፣ አባባ፣ ማሽኑ ገልብጦት ነው» አለ። «ኮርኒስ ላይ ሲሆን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። አይደል?» አለና ወደ እህቱ ዞረ። ዓይኖቹ ይለምኗት ነበር። አዎ ማለት አንዲት ቃል ናት። ደግሞ ስለ መስታወትና ስለ ሌንስ እሷ ያለችውን ማን ይጠይቃል? «አልገለበጠም ጋሽዬ» ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደማት።

«የሲሚንቶው ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል» አለ ቀስ ብሎ። «ጽሑፉ ሳይገለበጥ ደረጃው እንዴት ብቻውን ተገለበጠ?»

ቶሎቶሎ፣ ያ ወሬ የማያልቅበት ልጅ፣ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ታላቁ አልጋው ጫፍ ላይ በአንድ ጊዜ ያረጀ ሰው መስሎ ተቀመጠ። አባቷ ግን እነሱን አይደለም የሚያየው። ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ነው።

«ይሄ ግንብ መቼ ነው የመጣው? በግራ ያለው።»

«ጎረቤትየው ነው አባባ» አለ ታላቁ። «ሁለት ወር ሆነው።»

«እኔ የማውቀው ባዶ ቦታ ነበር።» ዓይኑ ከግንቡ ወደ ደረጃው ተመለሰ። «ታዲያ በግራ ቢዞር ኖሮ ደረጃው ጨለማ ይሆን ነበር።»

«አዎ።»

«ልክ ነው እንግዲህ። በቀኝ ነው መዞር ያለበት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።» ከዚያ ድምፁ ትንሽ ቀጠነ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳይከፋህ ብለን» አለ ቶሎቶሎ።

«ግንቡ ምን ይከፋኛል? እኔ የከፋኝ አሁን ነው።»

እሷ ይህን ጊዜ ልታልፈው አልፈለገችም፤ ብታልፈው ዳግመኛ እንደማይመጣ ታወቃት። ሁለተኛውን ፎቶ አወጣች፣ ብረቶቹን። «አባባ፣ እነዚህ ነገ ጠዋት ሊቆረጡ ነው» አለች። «የሚሠራው ፎርማን ሌላ ነው። የሱ ጥፋት አይደለም፤ አንተን መጠየቅ ፈልጎ አትናገርም ተብሎ ነው የቀረው። አሁን ልደውልለት።» ማንንም አላስፈቀደችም። ስልኩን አባቷ ደረት ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አቤት!» አለ ፎርማኑ ገና ሳይጠራ።

«እነዚያን ብረቶች እንዳትነካ» አለ አባቷ።

ከወዲያ በኩል፣ «ማን ልበል?»

«ውሃልክ ነኝ።»

«ጋሼ! ይናገራሉ እንዴ?!»

«ወንድሜ፣ ዝም በል ያለኝ የለም እኮ!» አለ አባቷ፤ ሳቁ ቀበቶው ውስጥ ታፍኖ ደረቱን ሲያንቀጠቅጠው ስልኩ ሊወድቅ ደረሰ። ታላቅ ወንድሟ እጁን ሰዶ ስልኩን ያዘው። «የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ነው። የቤቱ ባለቤት በቃል ጠየቀችኝ፤ ሳላስጽፈው በሳምንቱ ወደቅሁ። ታንከሩ መሬት ከተቀመጠ ውሃው ላይኛው ክፍል ምን ያወጣዋል?»

«ሦስት ወር!» አለ ፎርማኑ። «ሦስት ወር እንቅልፍ ነስተውኛል እኮ ጋሼ! ያለ ነገር እንዳልተዋቸው አውቄ ነበር። ሌላም አለኝ፣ የኩሽናው መስኮት፣ የጓሮው ፍሳሽ፤ ኧረ ስንት አለኝ! ነገ ልምጣ?»

«ምን ጊዜ ትነሳለህ?»

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«እኔም የማልተኛበት ሰዓት ነው። ና።»

ስልኩ ተዘጋ። ታላቅ ወንድሟ እጁ ውስጥ የቀረውን ስልክ ያይ ጀመር፤ ፊቱ ቀልቷል። ይቅርታ ሊል ይመስላል፣ ይቅርታ በዚህ ቤት ግን እንደ እንግዳ ሰው ነው፣ በር ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ቶሎቶሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ሄዶ የመስኮቱን መጋረጃ ትንሽ ሳብ አደረገው፣ ምስሉ የበለጠ ደመቀ። እሷ ሦስተኛውን ፎቶ አወጣች፤ የጣሪያውን ጥግ ከታች ያነሳችውን።

«ይሄኛው ጥሩ አይደለም» አለ አባቷ። «ከምሰሶው ጀርባ ያለው አይታይም። ነገ ሌላ ይነሳ።»

ታላቅ ወንድሟ ከአልጋው ጫፍ ተነስቶ ወደ ራስጌው ቀረበ። ከአባቱ ትራስ አጠገብ ተንበርክኮ፣ አባቱ ከሚያይበት ቁመት ሆኖ ወደ ላይ ተመለከተ።

«ከየት ሆኜ ላንሳው አባባ?»

አባቷ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ በዝግታ አወጣና ወደ ጎን ዘረጋው። እጁ ብርሃኑ ውስጥ ሲገባ ጥላው ኮርኒሱ ላይ ተነሳ፤ ግዙፍ፣ ጣቶቹ የወፈሩ፣ የግንበኛ እጅ። ጣውላውን ተሻገረ፣ ብረቶቹን አለፈ፣ ምሰሶውን ዞረና አንዲት ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ከዚህ» አለ።